ሚኒሞውን ከመንካታችሁ በፊት

የአሮጌ መኪና ሞተር ጠዋት ሲነሳ ከተንተፋተፈ፣ ከተንቀጠቀጠና ነዳጅ ሲሰጡት ከጠፋ፣ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካርቡሬተሩ ነው። ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት የሚሽከረከርበት ፍጥነት፣ ከፍ ይደረጋል፣ የቤንዚኑ ብሎን ትንሽ ይላላል፣ መኪናውም ለዚያ ጠዋት ይረጋጋል። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሚኒሞው ይጮሃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ሲሞቅ ደህና የሚሠራ ሞተር ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፋብሪካው ለቀዝቃዛው ሰዓት ብሎ የሠራለት መሣሪያ ነው። መጀመሪያ እሱ ወደ ሥራው ይመለስ፤ ካርቡሬተሩ ከዚያ በኋላ ይነካ። ዋና ምሳሌዬ ቮልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮዋ ፑኤብላ ምርቱ እስኪያበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ይነዳል፤ እዚህ እስራኤልም 30 ዓመት የሞላው መኪና በሰብሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ስለሚችል የሚንከባከቡት ሰዎች አሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤንዚኑ ጠባይ ነው። ቤንዚን ፈሳሽ እንደሆነ አይነድም፤ የሚነደው ተኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን የሚተነው ቀላሉ ክፍል ብቻ ነው፤ ቀሪው በመሳቢያው ቱቦ ግድግዳ ላይ እንደ ጠብታ ተለጥፎ ይቀራል። ካርቡሬተሩ ትክክለኛውን መጠን ቢሰጥም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚደርሰው የሳሳ ድብልቅ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ሲነድ ሌላው ይዘላል፣ መንቀጥቀጡም ከዚህ ይመጣል። ቮልስ ላይ ይህ ይብሳል፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል፣ ብቸኛው ካርቡሬተር ደግሞ መሃል ላይ ነው፤ ድብልቁ በቀጭን ቱቦ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ፋብሪካው ለዚህ ሦስት መላ አበጀ። ቾኩ አየሩን ዘግቶ ቤንዚን ያበዛል። ከመሳቢያው ሥር የተያያዘችው ቀጭን ቱቦ ትኩስ ጭስ እያሳለፈች መሳቢያውን ታሞቃለች። ቴርሞስታቱ ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን አየር ከ65 እስከ 70 ዲግሪ እስኪደርስ አፍኖ ይይዛል። መኪናውን በርካሽ ለመሸጥ የሚጨነቅ ፋብሪካ የማያስፈልግ ነገር ሦስት ጊዜ አይጨምርም።

«ይህ የአውሮፓ በረዶ ጉዳይ ነው፤ የእኛ አገር ሞቃት ነው» የሚል መልስ በየጋራዡ ይሰማል። በዚህ ምክንያት ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን እዚህ ፔታ ቲክቫ፣ በክፋር ጋኒም ሰፈር፣ የጥር ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል፤ አዲስ አበባም በኅዳርና በታኅሣሥ ከዚያ የምትርቅ አይደለችም። 70 ዲግሪን ለሚጠብቅ ሞተር 8ም ሆነ 18 ያው ቅዝቃዜ ነው። ከዚህ ሌላ ቤንዚን ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ከውጪው አየር በጣም ይቀዘቅዛል። አየሩ እርጥበት ካለው፣ ውጪው 10 ዲግሪ ሆኖም ውስጡ በረዶ ሊሠራ ይችላል። መኪናው ደህና ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ መብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋው አንዳንዴ በዚህ ነው። የክፋር ጋኒም የክረምት ዝናብም ሆነ የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ላዳም ይህን ያውቃል፤ የአየር ማጣሪያው በጋና ክረምት የሚቀየር አቀማመጥ አለው፣ የክረምቱ ከጭስ መውጫው አጠገብ የሞቀ አየር የሚስብ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣው ነው፦ «ቾኩን ከፍቼ አሰርኩት፣ መኪናው ተሻለው»። ይህን የሚሉ የአዲስ አበባ መካኒኮች ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ይወፍራል። በዚህ ላይ የማሞቂያ ሽቦው ተበላሽቶ የማይከፈት ቾክ ሲጨመር ጥቁር ጭስ ይመጣል። ታዲያ ጥፋቱ የቾኩ መኖር ሳይሆን አለመከፈቱ ነው። በተጨማሪም ለከፍታው ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት መኪና ጠዋት ላይ ቾክ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ፔታ ቲክቫ ደግሞ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ስለማትል፣ አዲስ አበባ ላይ የሠራው መላ እዚህ ሲመጣ መነሻው ራሱ ይጠፋል። ቅዝቃዜው ተቀራራቢ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው።

«ሞተሩ አርጅቷል፣ ፋሻው አልቋል» የሚለውም መልስ ይገባዋል። ያለቀ ፋሻ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻውን አይድንም፤ ዘይት ማቃጠሉና ጉልበት ማጣቱ ቀኑን ሙሉ ይታያል። ከእርጅና ወገን ጠዋትን ለይቶ የሚያስቸግረው የቫልቭ ክፍተት ነው። የቮልስ ቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ በኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ ጭመቃው ያንሳል። ስለዚህ ሞተር ይወረድ ከማለት በፊት ይህን መለካት ይገባል፤ ሥራው ቀላል ነው፣ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም።

አዲስ መኪና ለምን እንዲህ አይሆንም? እሱም ቾክ ስላለው ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ሞተሩ መቀዝቀዙን ሲነግረው ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። የቮልስ ፋብሪካ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ የቦሽን ኤሌክትሮኒክ የቤንዚን መርጫ ሲገጥም፣ ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን መጨመሩን አልተወውም። ካርቡሬተር ሲጠፋ እንኳ ይህ ሥራ አልጠፋም።

«ቆሞ ይሙቅ» የሚለው ልማድ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። ከዚያ የሚከፋው፣ በወፈረ ድብልቅ የሚሠራ ሞተር ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል። በተዘጋ ጋራዥ ወይም በሕንፃ ሥር ባለ ማቆሚያ ውስጥ አስነስቶ መተው ሰው ይገድላል። ሞተሩ ሲረጋጋ በቀስታ እየነዱ ማሞቅ ይሻላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መኪናው ብዙ ሳምንት ከቆመ ቤንዚኑን አድሱ፤ በቅዝቃዜ የሚተነው ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ያልቃልና። ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተቱን ለኩ፣ ካንዴላዎቹን እዩ። አውቶማቲክ ቾክ ያለው ቮልስ ከሆነ ከማስነሳታችሁ በፊት ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጣችሁ ልቀቁ፤ ቾኩ የሚዘጋውና ሚኒሞው ለጊዜው ከፍ የሚለው በዚህ ነው። የአየር ማጣሪያውን አንስታችሁ መዘጋቱን፣ ሞተሩ ሲሠራም በጥቂት ደቂቃ መከፈቱን ተመልከቱ። ማሞቂያ ቱቦዋ በሁለቱም ጫፍ መሞቅ አለባት፤ አንዱ ጫፍ ከቀዘቀዘ በጥላሸት ተደፍናለች ማለት ነው። ቴርሞስታቱ ከተጣለ መልሱት። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሞተሩም ሞቆ ሳለ፣ ያኔ ሚኒሞውን አስተካክሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ በእጃችን ያሉትን አሮጌ ሞተሮች በቅጡ ማወቅ ከእንግዲህ የሰብሳቢዎች ፍቅር ብቻ አይደለም፣ የብዙ ሰው እንጀራ ነው።