የስኪድ ሎደር ሞተር ዕድሜና እድሳት

ስኪድ ሎደር፣ በተለምዶ «ቦብካት» የሚባለው፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ የፍጥነት ልዩነት አማካኝነት ባለበት ቦታ ላይ የሚዞር አነስተኛ የመጫኛ ማሽን ሲሆን፣ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የኬለር ወንድማማቾች የሠሩት ባለሦስት ጎማ ጫኝ ነው። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ጀሞና ለቡ ባሉ ሰፈሮች፣ ትልቅ ሎደር በማያስገባ ቅያስ አፈርና አሸዋ ለማንሳት ይመቻል።

የማሽኑ ዕድሜ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሞተሩ በሠራባቸው ሰዓታት ነው። በአግባቡ የተያዘ የናፍጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ5,000 ሰዓት በላይ ቢያገለግልም፣ በተቀደደ የአየር ፊልትሮ ሾልኮ የሚገባ የበጋ አቧራ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህም ምክንያት ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል፣ ነዳጁም በሚገባ ሳይቃጠል ቀርቶ ጥቁር ጭስ ሊወጣው ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ስለሚያመለክት የእድሳት ጊዜ መቃረቡን ያስጠነቅቃል።

እድሳት ማለት ሞተሩን አውርዶና ፈታትቶ እያንዳንዱን ክፍል በመለካት ያለቀውን መተካት ነው፤ የተበላ ሲሊንደር ለምሳሌ በ0.50 ሚሊ ሜትር ተፍቆ ይሰፋና በዚያው ልክ የተለቀ ፒስተን ይገባለታል፣ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ቀጥታነት ይፈተሻል፣ ጓርኒሲዮኑም (ማሸጊያው) በአዲስ ይተካል። ሲሊንደሩን ሳይለኩ ቀለበት ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ፊልትሮን በየዕለቱ መፈተሽና ዘይትን በሰዓቱ መቀየር ከማንኛውም እድሳት ይረክሳል።