የእጓለ ማውታ ቤትና የቅዳሜ እንግዶቹ

አንባቢ ሆይ፤ በስድስት ኪሎ አካባቢ የተማርህ እንደ ሆነ፤ ጠርዙ ሦስት ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ነጭ ልብስ የለበሱ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በእግራቸው ሲያልፉ ሳታይ አልቀረህም። ከሩቅ ለሚመለከታቸው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ይመስላሉ፤ ቀረብ ሲሉ ግን የለበሱት የህንድ ሳሪ መሆኑ፤ በግራ ትከሻቸውም ላይ ትንሽ መስቀል መሰካቱ ይታያል። እነዚህ የማዘር ቴሬዛ ደናግል ናቸው። እኛም በተማሪነታችን ዘመን ራሳችንን ዝቅ አድርገን ሰላምታ እየሰጠን ስንት ጊዜ አልፈናቸዋል፤ ከየት እንደሚመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ፈተና ነበረብን፤ ፈተና ባይኖር ደግሞ ሻይ ቤት ነበረ።

ወደ እጓለ ማውታ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባነው በሁለተኛው ዓመት ትምህርታችን፤ ለገና በዓል ነበር። ቤቱ በዚሁ በአዲስ አበባ የሚገኝ፤ ካቶሊካውያን ደናግል የሚያስተዳድሩት ነው፤ ስሙንና ሰፈሩን ያልጻፍነው ልጆቹ የወሬ መጫወቻ እንዳይሆኑ ብለን ነው። ሃያ ያህል ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን ብስኩትና ከረሜላ ገዛን፤ ኳስም ጨመርንበት። የፎቶግራፍ ነገር አይነሣ፤ ዛሬ ስልክ ሁሉ ፎቶግራፍ ማንሻ ነውና ከልጆቹ ቍጥር ይልቅ የሥዕሉ ቍጥር ሳይበዛ አልቀረም። ከቅንድቡ በላይ ጠባሳ ያለበት፤ አምስት ዓመት ያህል የሚሆነው አንድ ልጅ ገና ከበሩ ስንገባ ጣታችንን ያዘና እስክንወጣ ድረስ አልለቅም አለ። ስንሰናበተው «መቼ ትመጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። «በሚመጣው ሳምንት» አልነው።

ሳምንቱ መጣና አለፈ። ሰሚስተሩም አለፈ፤ ተመረቅን፤ ደመወዝ መቀበልም ጀመርን። ዘንድሮ የተመለስነው ኅሊናችን ወቅሶን ነው ብንል ደስ ባለን ነበር፤ እውነቱ ግን ለዚህ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ፈልገን ነው።

በሩን የከፈተችልን ሲስተር ስለ ጋዜጣው ብዙ አልጠየቀችም። የጠየቀችው፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምንቈይ ብቻ ነው። «እስከ ስድስት ሰዓት» ስንል፤ ልጆቹ ወደሚጫወቱበት ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ጓሮ ይዛን ሄደች። በዚያ ትልልቅ የሲሚንቶ ገንዳዎች አሉ፤ በገንዳዎቹ ውስጥም የሌሊቱ አንሶላና የሕፃናቱ የሽንት ጨርቅ ተዘፍዝፎ ነበር። እጀታችንን ሰብስበን ጀመርን። በአጠገባችን የነበሩት ሞግዚት፤ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ጥቂት ሲመለከቱን ቈዩና «እናንተ የተማራችሁ ልጆች፤ ልብሱን እሹት እንጂ አትለማመጡት» አሉን። ዲግሪያችን በዚህ ረገድ ምንም አልጠቀመንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላልሰናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የወዳጃችን ሠርግ ስለ ነበረ ቀረን። በሳምንቱ ስንመለስ ሞግዚቲቱ እጃቸውን ከሳሙናው ሳያወጡ «ባለፈው ቅዳሜ ማን ሞተባችሁ?» ብለው ጠየቁን።

በዚህ ጊዜ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሚባለውን ሰው በየዓይነቱ ለማየት ዕድል አግኝተናል። የክረምት ዕረፍታቸውን ለማሳለፍ ከአውሮፓ የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ ቅንነታቸው የሚያጠራጥር አይደለም፤ ነገር ግን የልጆቹን ስም አጥንተው በጨረሱበት ሳምንት የመመለሻ ቀናቸው ይደርሳል። የልደት በዓላቸውን በዚያ ለማክበር ኬክ ይዘው የሚመጡ የከተማችን ሰዎችም አሉ፤ ሻማውን ያጠፋሉ፤ ሥዕል ይነሣሉ፤ ይሄዳሉ። እኛም ከዚሁ ወገን ስለ ነበርን ብዙ ልንተቻቸው አንደፍርም።

ከሁሉ ይልቅ ዓይናችንን የሳበው ግን አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ማሽኑንና ነጭ ጨርቁን በላስቲክ ይዞ ይመጣል፤ በረንዳው ላይ አንድ በርጩማ አስቀምጦ ልጆቹን በተራ ያስተካክላል። አያቅፋቸውም፤ ከረሜላም አይሰጣቸውም፤ ይልቁንም የሚቁነጠነጠውን «ራስህን ቀና አድርግ!» እያለ ይቈጣል። ልጆቹ ግን የሚመጣበትን ቀን በጣታቸው ይቈጥራሉ። የማን ራስ ላይ ቍስል እንደ ነበረና መቼ እንደ ዳነ፤ ማን ማሽን እንደሚፈራ፤ ማን ደግሞ ጐኑን ማስነሣት እንደሚወድ ሁሉ ያውቃል። በጎ ፈቃደኛ ነህ ወይ ብንለው «እኔ? ፀጉር አስተካካይ ነኝ» አለን።

ስለ ጣታችን የያዝነው ነገር ይህን ሰው ካየን በኋላ ነው የገባን። በመጀመሪያው ጉብኝታችን ያ ልጅ አልለቅም ሲለን ወደደን ብለን ለወዳጆቻችን አውርተናል። ሞግዚቲቱ እንደ ነገሩን ግን እናት ያለችው ሕፃን እንግዳ ሲያይ ወደ እናቱ ቀሚስ ይሸሻል እንጂ እንግዳው ላይ አይጠመጠምም። ለመጣው ሁሉ የሚሮጥ ልጅ፤ የሚሸሽበት ቀሚስ የሌለው ነው። እኚህ እናት ይህን ያወቁት ከልምድ ነው፤ ሊቃውንቱም በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሰዋል። በሮማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በ136 የማሳደጊያ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፤ ከፊሎቹ በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ ተላኩ፤ የቀሩት ግን በተለመደው አያያዝ ቈዩ። ከሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት ቤተሰብ ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ እንዳገገሙ ታይቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ፤ በማሳደጊያዎች የሚደረገው ጉብኝትና የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃድ ልጆችን እንዳይጐዳ አሳስቧል። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወደዚያ ያደረሳቸው ሞት ሳይሆን ድህነት ነው።

ታዲያ እነዚህ ቤቶች ከነጭራሹ መዘጋት አለባቸው ወይ? ይህን ከሚሉት ወጣት ባልንጀሮቻችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። እኛ እንዲህ በቀላሉ አንፈርድም፤ ምክንያቱም ቤቶቹ በምን ሰዓት እንደ ተከፈቱ እናውቃለን። ማዘር ቴሬዛ በ1910 እ.ኤ.አ. በስኮፕዬ ተወልደው፤ በ1929 ወደ ህንድ ገብተው፤ ለብዙ ዓመታት በካልካታ መምህርት ነበሩ። በ1948 ከገዳማቸው ወጥተው ወደ ድሆቹ መንደር ወረዱ፤ በ1950 ማኅበራቸው ታወቀ፤ በ1955ም ለተጣሉ ሕፃናት ሺሹ ባቫን የተባለውን ቤት ከፈቱ። ወደ አገራችን የመጡት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወሎ በረኃብ በሚያልቅበት ወራት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቀዱላቸውና ደናግሉ ሥራ ጀመሩ፤ ንጉሡ ብዙም ሳይቈዩ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ደናግሉ ግን አልሄዱም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም እኚሁ አሮጊት እንደ ገና መጥተው፤ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አግኝቷቸዋል። እርሱ እንደ ጻፈው፤ ለእጓለ ማውታ የሚሆን ቤት ከባለሥልጣኑ የጠየቁት በጋዜጠኞች ፊት ነው። እንዲህ ያለውን ልመና እንቢ የሚል ባለሥልጣን ከየት ይመጣል?

ቀጥሎም የኤች አይ ቪ ዘመን መጣ። በአስኮ የሚገኘው የደናግሉ ቤት ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን የሙት ልጆች ይቀበል ነበር፤ ዘመድ ሳይቀር በሚሸሽበት በዚያን ጊዜ ሌላ የሚቀበላቸው ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። መድኃኒት በሌለበት ዘመን፤ ወደዚያ የገባ ልጅ ብዙ ዕድሜ አይጠበቅለትም ነበር። ጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። በሰላም እንዲሞቱ የተቀበሏቸው ልጆች መኖር ጀመሩ፤ ደብተር፤ ጫማና የትምህርት ቤት ክፍያ፤ ቈይቶም የእጮኛና የሥራ ጥያቄ ተከተለ። ለሞት የተዘጋጀ ቤት ለሕይወት ሳይዘጋጅ መገኘቱ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው።

በስድስት ኪሎው ቤት ሕሙማንን ሲያክም የኖረውን አሜሪካዊ ሐኪም፤ ዶክተር ሪክ ሆድስንም ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ሃይማኖቱን አጥባቂ አይሁዳዊ ሲሆን በካቶሊክ ደናግል ግቢ ሲሠራ፤ የሚያክማቸው ደግሞ የእኛው ክርስቲያኖችና እስላሞች ነበሩ። በዚያ ግቢ የአከርካሪ ነቀርሳ ያጐበጣቸው ሁለት የሙት ልጆች አገኘ፤ ቀዶ ጥገናው በውጭ አገር ካልሆነ አይቻልም፤ ገንዘቡም የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የራሱ የሕክምና ዋስትና እንዲሸፍናቸው ብሎ ልጆቹ አደረጋቸው። በጠቅላላው አምስት ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ወስዷል። የሕግ ተማሪ የሆነ አንባቢያችን ይህን የዋስትና ውል አተረጓጐም ምን ይለው ይሆን?

ይህ መንገድ ዛሬ ለውጭ አገር ሰው ዝግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1070 ሲሻሻል፤ ልጆችን ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት ቀርቷል። ብዙ ሐሜትና ብዙ ሐዘን የተሰማበት ጕዳይ ስለ ነበረ፤ መቅረቱን የሚነቅፍ ሰው በዙሪያችን ብዙ አላገኘንም። ነገር ግን ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ ወደ ሕጋችን የገባ የአገር ቃል ነው፤ የጡት ልጅና የማር ልጅ የማያውቅ መንደርም አልነበረንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ፤ ዘመድን፤ አደራ ቤተሰብንና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻን ያስቀድማል። የውጭውን በር ስንዘጋ የራሳችንን ምን ያህል ከፈትን? ከመሥሪያ ቤታችን ጓደኞች መካከል ይህን ጥያቄ ስናነሣ የሁሉም መልስ «መጀመሪያ እስክናገባ» የሚል ሆነ። የእኛም መልስ ያው ነው፤ አንዋሽም።

ጠባሳ ያለበት ልጅ አሁን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በመጀመሪያው ቅዳሜ በግቢው ውስጥ አገኘነውና «አስታወስኸን?» አልነው። በትሕትና «አዎ፤ ብስኩት ያመጣችሁት» አለ። ደስ ብሎን ነበር፤ ኋላ ግን ከእኛ ቀጥሎ ለመጡት እንግዶችም ያንኑ ቃል ሲነግራቸው ሰማን። ጣታችንን አልያዘም፤ መቼ እንደምንመጣም አልጠየቀም። ይህን ጥያቄ ትቶታል።

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ወደ ጓሮ እየመጣ በገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያይ ነበር፤ ቀጥሎ የታጠበውን እየተቀበለ ማስጣት ጀመረ፤ ባለፈው ጊዜ ደግሞ አንሶላውን በአንድ ወገን እርሱ፤ በአንድ ወገን እኛ ይዘን ስንጨምቅ፤ ቀና ብሎ ሳያየን «ቅዳሜ ቧንቧውን እኔ እከፍተዋለሁ» አለ። እሺ አልነው።

ይህን የምንጽፈው ዓርብ ማታ ነው። በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው እስከ አራት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፤ ነገ በሁለት ሰዓት መድረስ አለብን።