‹‹ዋጋ›› የሚለው ቃል በአክሲዮን አጥኚዎች የቅጥር ቃለ መጠይቅ

‹‹አክሲዮን›› የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ተወስዶ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ቦታውን ይዟል። በአዲስ አበባ ተደራጅቶ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ከአብዮቱ በኋላ ሲቋረጥ ቃሉ ከሕጉ ጋር ኖሯል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣና የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አዲስ ሙያ ስም ይፈልግ ጀምሯል፤ ይኸውም የአክሲዮን አጥኚነት ነው። አጥኚው የኩባንያን ሒሳብ መርምሮ አክሲዮኑ ቢገዛ ወይም ቢሸጥ የሚበጅ መሆኑን በጽሑፍ ያስረዳል።

ለዚህ ሥራ የሚቀርብ አመልካች በቃለ መጠይቅ በአብዛኛው የሚጠየቀው አንድ አክሲዮን መርጦ ስለ እርሱ እንዲሟገት ነው። የሚዘጋጅባቸው ነጥቦችም የታወቁ ናቸው፤ ኩባንያው በምን እንደሚያተርፍ፣ የሀብትና ዕዳ፣ የትርፍና ኪሳራ፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫዎቹ እንዴት እንደሚያያዙ፣ አክሲዮኑ ምን ያህል እንደሚያወጣና አመልካቹን ሐሳቡን ሊያስለውጠው የሚችለው ነገር ምን እንደ ሆነ። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ መመለስ ይችል ይሆናል። ጥናቱን የሚያነበው ባለአክሲዮን ግን ብዙ ጊዜ አማርኛ አንባቢ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ የእኛም የቃላት ሠራተኞች ጉዳይ ይሆናል።

ዋናው ችግር ያለው ‹‹ዋጋ›› በሚለው ቃል ላይ ነው። ‹‹የዚህ አክሲዮን ዋጋ ስንት ነው?›› ተብሎ ቢጠየቅ ሦስት የተለያዩ መልሶች ይኖራሉ። አንደኛው በአክሲዮኑ ሰነድ ላይ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ዛሬ በገበያ የሚሸጥበት ነው። ሦስተኛው አጥኚው አስልቶ ‹‹ይህን ሊያወጣ ይገባዋል›› የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን በገበያ 1,400 ብር ይሸጣል እንበል። ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው የዓመት የተጣራ ትርፍ 230 ብር ቢሆን፣ ተመሳሳይ ኩባንያዎችም በትርፋቸው 5 እጥፍ የሚሸጡ ቢሆኑ፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው ስሌት 1,150 ብር ነው። አጥኚው ‹‹አይገዛ›› የሚለው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መካከል ባለው የ250 ብር ልዩነት የተነሣ ነው። ተርጓሚው ሦስቱንም ‹‹ዋጋ›› ብሎ ካለፋቸው ‹‹ዋጋው ከዋጋው በላይ ነው›› የሚል ትርጉም የለሽ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። የከፋው ደግሞ ባለአክሲዮኑ የተጻፈውን 1,000 ብር ሲሸጥ ሳይጎድል የሚያገኘው ገንዘብ አድርጎ ሊወስደው መቻሉ ነው።

ልዩነቱ ራሱ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። በሸካ ዞን የምትገኘውን ጌጫን እንውሰድ። በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ሰብሳቢው በለቀማ ወራት ቀይ እሸት ቡና በኪሎ የሚገዛው በዕለቱ ዋጋ ነው፤ ነገር ግን በልቡ የሚያሰላው ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ያህል እሸት እንደሚያስፈልግ፣ ቡናው በቅምሻ ምን ደረጃ እንደሚያገኝ፣ ማጓጓዣው ስንት እንደሚፈጅ ያውቃል። የዕለቱ ዋጋ ከዚህ ስሌት በላይ ከሆነ አይገዛም። ገንዘቡን በለቀማ ወራት አውጥቶ ትርፉን ከሽያጭ በኋላ ስለሚያገኝም፣ ትርፍና በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ አንድ አለመሆናቸውን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ከዚያ አገር የወጣ አመልካች ይህን ምሳሌ ይዞ ቢቀርብ የሙያውን ሁለት መሠረታዊ ጥያቄዎች በራሱ አገር ንግድ ለማስረዳት ይችላል።

ስለ ስያሜው ‹‹እሴት›› የሚለውን የሚመርጡ አሉ። ቃሉ በተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 ሕጋዊ ቦታ አግኝቷል፤ ሆኖም በዕለት ንግግር ለባህልና ለሥነ ምግባር ስለሚውል ‹‹የአክሲዮኑ እሴት›› ሲባል ሰሚው ገንዘብን ቶሎ አያስብም። ‹‹ግምት›› ደግሞ በፍርድ ቤት የንብረት ግምት ስለሚባል ለጉዳዩ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን አመልካቹ ‹‹በእኔ ግምት›› ባለ ጊዜ ጠያቂው ያለ ስሌት የተሰነዘረ አስተያየት አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ስለሆነም ለሦስቱ ‹‹የተጻፈ ዋጋ››፣ ‹‹የገበያ ዋጋ›› እና ‹‹የሚገባው ዋጋ›› የሚሉትን፣ ለስሌቱ ሥራም ‹‹ምዘና›› የሚለውን እንመርጣለን። ምዘና ‹‹መዘነ›› ከሚለው ግስ የወጣ እንደ መሆኑ፣ የቡና ሚዛን ለሚያውቅ ሁሉ መለኪያና ማስረጃ ያለበትን ሥራ ያመለክታል።

የአጥኚው ውሳኔ የሚነገርበት አኳኋንም ሊታሰብበት ይገባል። ‹‹ግዛ፣ ያዝ፣ ሽጥ›› ተብሎ ከባሕር ማዶ ልማድ ሲተረጎም አማርኛው አንባቢውን ወንድና ነጠላ ያደርገዋል፤ በትእዛዝም ያናግረዋል። ‹‹ይገዛ፣ ይያዝ፣ ይሸጥ›› ቢባል ግን ጾታን አይለይም፤ ክብርንም አይነካም፤ ውሳኔውንም ለባለገንዘቡ ይተውለታል።

እነዚህ ስያሜዎች በሥራ ላይ ሊፈተኑ ይገባል። ተርጓሚው የአንድን ኩባንያ ጥናት ወደ አማርኛ ሲመልስ በእያንዳንዱ ‹‹ዋጋ›› ላይ ቆም ብሎ ‹‹የትኛው?›› ብሎ ይጠይቅ፤ አመልካቹም ወደ ቃለ መጠይቁ ሲሄድ እንዲሁ ያድርግ።