የሙስሊም ቀብር ሥርዓትን በተግባር የማስተማር ዘዴ

በእስልምና ሃይማኖት ሟችን ማጠብ፣ መከፈን፣ በላዩ መስገድና መቅበር «ፈርድ ኪፋያ» ይባላል። ይኸውም ጥቂት ሰዎች ከፈጸሙት የሌሎቹ ግዴታ ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን ተጠያቂነቱ የሁሉም ይሆናል ማለት ነው። ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት ሥፍራ ሥርዓቱን የሚያውቅ አይጠፋም። ቁጥራቸው አነስተኛ በሆነበት በጋሞ ዞን ግን፣ ከአርባ ምንጭ ርቆ በጫሞ ሐይቅ አካባቢ በሚገኝ መንደር አዋቂው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። እርሱ መንገድ ከሄደ ወይም ሟቹ ራሱ እርሱ ከሆነ ችግሩ ከባድ ነው። ሃይማኖቱ ቀብር እንዲፋጠን ያዝዛል፤ የቆላውም ሙቀት ፋታ አይሰጥም።

የትምህርቱ ጠባይ

ሥርዓቱ በአብዛኛው የእጅ ሥራ ስለሆነ በቃል ገለጻ ብቻ አይለመድም። ስለሆነም ሠልጣኞች በጨርቅ በተሠራ የሰው ቅርጽ ላይ ሊለማመዱ ይገባል። ኀፍረተ ገላን ሸፍኖ ከቀኝ ጎን በመጀመር ማጠብ፣ እጥበቱን በጎደሎ ቁጥር መደጋገም፣ የቁርቁራ ቅጠል በውኃ መበጥበጥ፣ በመጨረሻውም እጥበት ካፉር መጨመር በየተራ ይሠራሉ። ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ከፈን ለክቶ መቅደድና ማንጠፍም እንዲሁ ነው። ከባልና ሚስት በቀር ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች ስለሚያጥቡ፣ ሥልጠናው ለወንዶች ብቻ ከተሰጠ የመንደሩ ችግር በግማሽ እንዳለ ይቀራል።

የጀናዛ ሶላት ሩኩዕና ሱጁድ የለውም፤ ቆመው አራት ጊዜ «አላሁ አክበር» በማለት ይሰግዱታል። የዐረብኛው ዱዓ በቃል ሲጠና፣ ትርጉሙ ተማሪው በሚናገረው ቋንቋ ቢብራራ ይረጋል።

አቅጣጫን ከአካባቢው ማስተማር

በመጻሕፍት የሚገኝ ሥዕል ለሌላ አገር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። መካ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለች። ስለዚህ የመቃብሩ ርዝመት በግምት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል፤ አስከሬኑ ራሱ በምሥራቅ በኩል ሆኖ በቀኝ ጎኑ ሲጋደም ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል። ሠልጣኞች የፀሐይን መውጫ ተመልክተው ይህን በመሬት ላይ እንዲያሰምሩ ማድረግ ይጠቅማል።

የመምህሩ ድርሻ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። በመሆኑም ይህ ሥልጠና የመደበኛው ትምህርት ቤት ሥራ አይደለም፤ የይዘቱም ባለቤቶች የሃይማኖቱ አዋቂዎች ናቸው። የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ ሊያበረክት የሚችለው ዘዴውን ነው፤ ይኸውም ሥራውን መከፋፈል፣ ማሳየት፣ ማለማመድና መመዘን ነው። ምዘናውም ሠልጣኙ ያለ አጋዥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ በማየት ይከናወናል። በየመንደሩ ቢያንስ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ይህን ከቻሉ፣ ሐዘንተኛው ቤተሰብ አጣቢ ፍለጋ ወደ ከተማ ሰው ሳይልክ ሟቹን በክብር ይሸኛል።