ከውኃ ወደ ውኃ ስለሚዛወሩ ዓሦች

ዓሣ ከአንድ ገንዳ ወደ ሌላ ገንዳ በተዛወረ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሞቶ ሲንሳፈፍ፣ የገንዳው ባለቤት አስቀድሞ የሚጠረጥረው ጎረቤቱን ነው። ውኃዬን መረዘብኝ ብሎ ይከሳል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ የወረዳው ሹምም ያልተረዳውን ነገር ለመፍረድ ይገደዳል። መርዝ የሚጨምር ክፉ ሰው ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን አዲስ የተዛወረ ዓሣ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከማጓጓዙና ከአዲሱ ውኃ የተነሣ ስለ ሆነ፣ ክሱ ከመታየቱ በፊት ውኃውንና የሞተውን ዓሣ መመርመር ይገባል።

ምርመራውም ሞቱ በየትኛው ሰዓት ደረሰ ከሚለው ይጀምራል። ዓሣው በተለቀቀ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካለቀ፣ የሁለቱ ውኃ ሙቀት ሳይስተካከል የተለቀቀ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው፤ ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀርብ ይሞታል። ከዝዋይ ሐይቅ ተይዞ ውርጭ ወደሚጥልበት ደጋ የተወሰደ ቆሮሶ ቢሞት የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው በማጓጓዣው ከረጢት ውስጥ የሚሆነውን ነው። ዓሣ በተዘጋ ከረጢት ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ከትንፋሹ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ያኮመጥጠዋል፤ ከገላው የሚወጣውም አሞኒያ ይጠራቀማል። ውኃው ኮምጣጣ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ አብዛኛው አሞኒያ ጉዳቱ በማይከብድ መልክ ይኖራል። ከረጢቱ በተፈታ ጊዜ ግን ያ አየር ወጥቶ ይሄዳል፤ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል፤ ያው አሞኒያ ወደ መርዝነት ይለወጣል። ውኃው 25 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛሙ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ 8 ላይ ከመቶ 5 ያህል፣ 9 ላይ ከመቶ 36 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከረጢቱን ከፍቶ አዲሱን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ለብዙ ሰዓት ማቆየት ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ዓሣውን በመርዝ ውስጥ ማኖር ነው። ከረጢቱ እንደ ተዘጋ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በገንዳው ላይ ይንሳፈፍ፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ይፈታ፤ ጥቂት የገንዳ ውኃ ተቀላቅሎበት ዓሣው ሳይዘገይ በመረብ ወጥቶ ይለቀቅ፤ የከረጢቱ ውኃ ግን ወደ ገንዳው አይፍሰስ። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ምግብ የተከለከለ ዓሣ በመንገድ ላይ ውኃውን የሚያቆሽሸው በጣም ጥቂት ነው።

ሞቱ ሊነጋጋ ሲል ከሆነ፣ ዓሣውም አስቀድሞ በውኃው ፊት አፉን እየከፈተ ሲያለከልክ ከታየ፣ ያነሰው ኦክሲጅን ነው። በቀን በውኃው አረንጓዴ አልጌ የሚሠራው ኦክሲጅን ሌሊቱን ይተነፈሳል፤ ደጋም ይህን ያብሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ ካለውና ሙቀቱ ከሚተካከለው ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከአራት ሦስት እጅ ያህል ነው። መድኃኒቱ አዲስ ውኃ ከከፍታ እያፏፏቱ መልቀቅና የዓሣውን ቍጥር መቀነስ ነው።

አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ሌላ ጣጣ አለው። ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራ ፒ ኤቹን ከፍ ስለሚያደርገው ገንዳው ብዙ ጊዜ እየተሞላ መደፋት አለበት። ደግሞም አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደ ቀለለ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ገና አልተራቡም፤ ለመደላደል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ዓሣው በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እየተመናመነ፣ ስንጥቡም ቡና መልክ እየያዘ ከሞተ ናይትራይት ይጠርጠር። በመስታወት ገንዳ የባሕር ዓሣና ኮራል የሚያኖሩ ሰዎች ይህን ችግር ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የባሕር ውኃ ፒ ኤች ከ8 በላይ ስለ ሆነ አሞኒያው ይበልጥ ይከፋባቸዋልና። እነርሱ ገንዳ ሲለውጡ ባክቴሪያው ያደረበትን ድንጋይ ሳይደርቅ በባሕር ውኃ ውስጥ እንዳለ ያዛውሩታል፤ አሮጌውን አሸዋ ግን ሳያጥቡ አያዛውሩም፤ ከታቹ ሲነካ እንደ ገማ እንቍላል የሚሸት መርዘኛ አየር ሊወጣ ይችላልና።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ በገላው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አብቅሎ የሚሞት ዓሣ በመረብና በእጅ ቅርፊቱ የተላጠ ነው። እንዲህ ያለውን ዓሣ ያጣ ሰው የቀሩትን ለማበርታት ምግብ ይጨምርላቸዋል፤ የተደናገጠ ዓሣ ግን አይበላም፤ ምግቡ በስብሶ ሁለተኛ ሞት ያመጣል። በመጀመሪያው ቀን ጨርሶ አለመስጠት፣ ከዚያም በጥቂቱ መጀመር ይሻላል።

አየር ሲያንስ ትልልቁ ዓሣ ቀድሞ ይሞታል፤ ትንንሹ ይተርፋል። ትልቁም ትንሹም፣ በውኃው ውስጥ የነበሩት ነፍሳትም ሁሉ ባንድ ጊዜ ካለቁ ግን ጎረቤትን መጠርጠር ያን ጊዜ ምክንያት አለው። ሹሙ በዚያው ቀን ውኃውን በንጹሕ ጠርሙስ አስሞልቶ፣ ገና ያልሸተተውንም ዓሣ ጨምሮ፣ በበረዶ አድርጎ ወደ መመርመሪያ ቤት ይላክ፤ ዘግይቶ የተቀዳ ውኃ ለፍርድ የሚሆን ማስረጃ አይገኝበትም።