የ«ሌ» ቀለበት

በብዙዎቹ ኃምስ ፊደላት ቀኝ እግር ላይ የምትንጠለጠለውን ትንሽ ቀለበት አንባቢ ልብ አይላትም። ፊደል የሚነድፍ ሰው ግን እንቅልፍ ያጣባታል። «ሌ»ን አግዝፎ ወረቀት ሙሉ ሲሥላት ቀለበቷ ክብና ጥርት ያለች ናት። ያችው ፊደል በመጽሐፍ ገጽ መጠን ስትታተም የቀለበቷ ውስጥ በቀለም ይሞላና ነጥብ ትሆናለች። እንዳትደፈን ብሎ ቢያሰፋት ደግሞ ጎረቤቷን ፊደል ትገፋለች።

ፊደል መንደፍ፣ በዘመኑ አነጋገር ፎንት መሥራት፣ በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ጣጣ የተሞላ ሙያ ነው። የላቲን ፊደል ነዳፊ ትልቁንም ትንሹንም ቢቆጥር ከ52 ቅርጾች ይነሣል። የአማርኛው 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ከብዛቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ዝምድናው ነው። «ሰ» ጭረት ሲጨመርላት «ሸ» ትሆናለች፤ «ተ» «ቸ»፣ «ነ» ደግሞ «ኘ»። ነዳፊው እኅትማማችነታቸው እንዲታይ፣ ልዩነታቸውም በጨረፍታ እንዲለይ ማድረግ አለበት። ጭረቷ ከቀጠነች «ኘ» ተመልሳ «ነ» ትመስላለች፤ ከወፈረች ደግሞ መስመሩን ሁሉ ታጠቁረዋለች።

ይህን ለብቻ ሆኖ ማየት ከባድ ነው። ለሳምንታት ያፈጠጠበትን ቅርጽ ዓይኑ ስለለመደው፣ ነዳፊው የሣለውን ትቶ ያሰበውን ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ሥራውን አትሞ የሙያ ባልንጀሮቹ ፊት ያቀርባል። «ያምራል» ወይም «አያምርም» ቢሉት ምንም አያተርፍም። የሚጠቅመው ቦታውን በጣት የሚያሳይ አስተያየት ነው፤ «የ‹ሸ› ራስ ከ‹ቸ› ራስ ይወፍራል»፣ «የ‹መ› ሁለት ዓይኖች አልተመጣጠኑም»፣ «ሦስተኛው መስመር ላይ ጥቁር ጉብታ ይታየኛል» የሚል። የለመደ ገምጋሚ ወረቀቱን ይዘቀዝቀዋል፤ ቃሉ አልነበብ ሲል ዓይን ቅርጹን ብቻ ይመዝናል። ነጠላ ፊደልም ብዙ አይናገርም፤ መፈተኛው ቃል ነው። «ቸኮሌት» ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ራሷ ላይ የተደረበላትን «ቸ»፣ ቀለበታሟን «ሌ» እና ክንዷ የታጠፈውን «ት» አንድ ላይ ያሰልፋቸዋል።

ሥራን ለሌላ ሰው አቅርቦ መታረም ለአገሩ ትምህርት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ሜዳ ወጥቶ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ይመለስና ለመምህሩ ወይም ለረዳቱ ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተሰበረው እዚያው ይቃናል። የቁም ጸሐፊዎችም አሻራ በብራናው ላይ ቀርቷል። በብዙ ጥንታዊ መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይ «ፍትነተ ብርዕ» የሚሉ የሙከራ መስመሮች ይገኛሉ። ከመስመር በላይ የገቡት የተዘለሉ ቃላትና በስለት የተፋቁት ቦታዎች ደግሞ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ዳግም እንደታየ ይመሰክራሉ።

የፊደሉ መልክ ራሱ ከዚሁ የሸምበቆ ብርዕ የመጣ ነው። ሸምበቆው አፉ ጠፍጠፍ ተደርጎ ስለሚቀረጽ ወደ ታች ሲሳብ መስመሩ ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ፊደሉ ከብርዕ ወደ ማተሚያ ሲሻገርም፣ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት፣ ያለ ኢትዮጵያውያን ዓይን አልተሠራም፤ አሳታሚው ጀርመናዊ ካህን ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ነው። በታይፕራይተር ዘመን ግን ፊደሉ ከብርዕ ጋር የነበረው ዝምድና ላላ። ፊደሉና የድምፅ ምልክቱ በተለያየ ምት ስለሚመቱ፣ ያው አንድ ምልክት በሁሉም እግር ላይ እንደ ተውሶ ጫማ ተገጠመ። ዛሬ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ቅርጽ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል፤ የድሮውን ልማድ ሳያራግፉ የሚነደፉ ፎንቶችን ማየት የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

ፊደል ስሜት እንዲናገር ሲፈለግ የግምገማው ጥያቄ ይለወጣል። የሥጋ ቤት ታፔላ ላይ ጥላ ተደርጎለት በቀይ የሚያብጠው ፊደል ለሐዘን መግለጫ አይሆንም። በ1950 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደውና አሜሪካ የሚኖረው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደላትን ይበታትናቸዋል፣ ያስረዝማቸዋል፣ ያስጨፍራቸዋል፤ ሸራው ላይ መነበብ ግዴታቸው አይደለም። እንዲህ ላለው ሥራ «ይነበባል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሠዓሊውን መበደል ነው፤ «ምን ያህል ቢቀየር አሁንም ፊደል ሆኖ ይታወቃል?» ማለት ግን ብዙ ያስተምራል።

አስተያየቶች ሲጋጩ መወሰኑ የነዳፊው ድርሻ ነው። አንዱ የ«ሌ» ቀለበት ትስፋ ሲል ሌላው እንዳትነካ ቢል፣ ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ አንደኛው መጽሐፍ፣ ሌላኛው ፖስተር እያሰበ ይሆናል። በሙያው የታወቀው መውጫ ሁለት «ሌ» መሥራት ነው፤ ለአርእስት ጥርት ያለች ክብ ቀለበት ያላት፣ ለገጽ ጽሑፍ ደግሞ የቀለበቷ ውስጥ ሰፋ ያለላት።