ከጾም ገበታ የቀረው ለማን ነው?

ሃምሳ አምስቱ የሁዳዴ ዕለታት ተፈጽመው፣ በቅዳሜ ሹር ቄጠማው በየራሱ ታስሮ፣ ሌሊቱ በቅዳሴ አልፎ ጾሙ በዶሮ ጩኸት ሊፈታ ሲል፣ በየቤቱ ሁለት ዓይነት ዝግጅት ይታያል። አንደኛው የነፍስ ነው፤ ንስሐው፣ ስግደቱ፣ ጸሎቱ። ሁለተኛው የሥጋ ነው፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ በጉ፣ ጠላው፣ የቅርጫው መዋጮ። ሁለቱም የአባቶቻችን ወግ ናቸውና አንዱንም አንነቅፍም። ዳሩ ግን በቀደሙት ክርስቲያኖች ዘንድ በጾሙና በድግሱ መካከል ሦስተኛ ነገር ነበረ። እርሱን ዘንግተነው እንደ ሆነ በዚህ በዓል ዋዜማ ራሳችንን ልንጠይቅ ወደድን።

በሐዋርያት ሥራ እንደ ተመዘገበው፣ በኢየሩሳሌም የተሰበሰበው የመጀመሪያው ማኅበረ ምእመናን ጸሎቱም ማዕዱም አንድ ነበረ። ርስትና ቤት ያለው እየሸጠ ዋጋውን ለሐዋርያት ያስረክብ፣ ለእያንዳንዱም እንደ ችግሩ ይታደል ነበር። በዚያ ማኅበር ውስጥ የተሰማው የመጀመሪያው ማጕረምረም ስለ ሥርዓት ወይም ስለ ዜማ አልነበረም። በግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻችን በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ተዘነጉ ብለው ነው ያጕረመረሙት። ሐዋርያትም ነገሩን አልናቁትም፤ እስጢፋኖስ ያለባቸውን ሰባት ሰዎች ለዚሁ አገልግሎት ሾሙ። ዛሬ አክብረን የምንጠራው የዲቁና ማዕርግ አጀማመሩ እንግዲህ ከመበለቶች እንጀራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዲያቆን የሚለው የግሪክ ቃልም ትርጉሙ አገልጋይ ማለት ነው።

በእነዚያ የስደት ዘመናት ምእመናኑ በአብዛኛው የሚሰበሰቡት በመኖሪያ ቤት ነበር። በሶርያ፣ ዱራ ኤውሮጶስ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተቆፍሮ የተገኘው የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ አስቀድሞ ተራ መኖሪያ ቤት የነበረ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም የሚሰበሰበው መዋጮ ሰፊ ሥራ ነበረው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮማው ንጉሥ ለአንቶኒኖስ ጲዮስ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ በየእሑዱ ከንባቡና ከምሥጢሩ በኋላ ያለውና የፈቀደው ሁሉ የተቻለውን ይሰጣል። የተሰበሰበውም በማኅበሩ አለቃ እጅ ሆኖ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል።

ስለ ጾም የነበራቸው ልማድ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። የአቴናው አርስጢዴስ በዚያው ክፍለ ዘመን እንደ መሰከረው፣ በመካከላቸው የተራበ ድሃ ሲገኝና ትርፍ ምግብ ሲያጡ፣ ለእርሱ የሚሆነውን ለማግኘት ሁለትና ሦስት ቀን ይጾሙ ነበር። በሮም የተጻፈውና ከጥንት ወደ ግዕዝ የተመለሰው የሄርማስ መጽሐፍም፣ ጾመኛ በዚያ ቀን ሊበላ የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ እንዲሰጥ ያስተምራል። ሦስተኛው ነገር ያልነው ይህ ነው። ከጾመኛው ገበታ የቀረው ምግብ ባለቤት ነበረው።

ፍሬውም ታይቷል። የሮም ጳጳስ ቆርኔሌዎስ እ.ኤ.አ. በ251 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ፣ የከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትረዳ እንደ ነበር ገልጿል። ይህንንም ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። እ.ኤ.አ. ከ361 እስከ 363 ነግሦ የጣዖትን አምልኮ ሊያድስ የተነሣው ዩልያኖስ እንኳ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ በማለት ካህናቱን መውቀሱ ይነገራል።

ይህን ስንል ግን ጥንታውያኑ ሁሉ እንከን የለሽ ነበሩ ማለታችን አይደለም። በቆሮንቶስ ባለጠጎቹ ቀድመው በልተው ጠጥተው ሲጠግቡ፣ ድሆቹ ዘግይተው በባዶ ማዕድ ፊት ያፍሩ ነበርና ሐዋርያው ጳውሎስ ክፉኛ ገሥጿቸዋል። ስለዚህ የዛሬው ደዌያችን አዲስ አይደለም፤ መድኃኒቱም እንዲሁ።

ደዌው በምን ይታወቃል? ቤተ መቅደስን ማሳነጽ፣ መጋረጃውንና ጃንጥላውን ማሳመር የተቀደሰ ተግባር ነው። ነገር ግን የሰጪዎች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ሺህ ብር የሰጠው ይጠራል፤ መቀነቷን ፈትታ ሳንቲሟን የጣለችው አሮጊት አትጠራም። የበዓሉ ድግስም ጎረቤት ከጎረቤት የሚፎካከርበት ሲሆን፣ አቅም ያነሰው አባወራ ከልጆቹ ፊት እንዳያፍር ይበደራል። በአንድ ግቢ ውስጥ የአንዱ ወጥ መዓዛ የሌላውን ባዶ ምድጃ ያሳብቃል። ነዳያኑም በቅጥሩ ዙሪያ እንደ ተደረደሩ ናቸው፤ ከቅዳሴ ስንወጣ የምናውቃቸው በፊታቸው እንጂ በስማቸው አይደለም።

ደግነቱ፣ የጥንቱን ማዕድ ለመፈለግ ሮምና አንጾኪያ ድረስ መሄድ አያሻንም። አባቶቻችን በሰንበቴውና በጽዋ ማኅበሩ አቆይተውልናል። በእሑድ ቅዳሴ ማብቂያ ተራ የደረሰው ምእመን ዳቦና ጠላውን ይዞ ሲመጣ፣ ካህኑ፣ ባለጠጋውና ነዳዩ በአንድ ስፍራ ይቀምሱ ዘንድ ነው ሥርዓቱ። ዝክሩም ቢሆን ስሙ የሚጠራው የጻድቁ፣ የሚበላው ግን የድሃው ነበር። እነዚህ ሥርዓቶች ሰው የሚመረጥባቸው የወዳጆች ግብዣ ሲሆኑ፣ ስማቸው ቢቀርም ምሥጢራቸው ይሸሻል።

ይህን ስንጽፍ እኛም የበዓሉን ወጪ ዝርዝር በኪሳችን ይዘን ነው። ዝርዝሩን መልሰን ስናየው የቤተ ዘመዱ ሁሉ ድርሻ ተጽፎበታል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለችው መበለት ግን የለችበትም። እንግዲህ የቅርጫው ሥጋ በመደብ ሲከፈል አንድ መደብ በስሟ ቢጨመር፣ የተረፈው ሳይሆን የተመደበው ቢደርሳት፣ የሚጎድልብን ጥቂት ነው። ልጆቻችንም መደቡን ተሸክመው ቢያደርሱላት፣ የዲቁናን አጀማመር ከመጽሐፍ ሳያነቡ በእጃቸው ይማሩታል።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የመተሳሰብ ይሆንላችሁ ዘንድ እንመኛለን።